ወላጆች ተጠንቀቁ፦ በቁሜ ቀብረውኝ የሞት ወረቀቴን በ15 ሺህ ብር ሊሸጡልኝ ነበር

ይህን የምጽፈው ነገሩ በደረሰብኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ንዴቱ አልበረደልኝም። እንቅልፍም በቅጡ አልወሰደኝም። ባለቤቴ «ጻፈው፤ ቢያንስ ሌላው ወላጅ ይትረፍ» ስላለችኝ ነው የተቀመጥኩት።

«ልጃችሁን አሜሪካ በስኮላርሺፕ እንልካለን» የሚሉትን ቢሮዎች ታውቋቸዋላችሁ። የሆቴል አዳራሽ ተከራይተው ነፃ ሴሚናር የሚጠሩት። የሐርቫርድ ሹራብ የለበሱ ልጆች ፎቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት። «የቀረን ሦስት ቦታ ብቻ ነው» የሚሉት። ቲክቶክ ላይም ቴሌግራም ላይም አሉ። እኔ የገባሁበት ቦሌ አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ ላይ አራተኛ ፎቅ ነው። ጉዳዩን ለሕግ ላቀርበው ስለሆነ ስሙን አልጽፍም።

ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ጎበዝ ናት። አባቷ ስለሆንኩ አይደለም ይህን የምለው፤ ከሦስተኛ ደረጃ ወርዳ አታውቅም። ግን የ12ኛ ክፍል ፈተና ነገር ያስፈራል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2016 ወደ 5.4 ከፍ ቢልም ፍርሃቱ ከወላጅ ልብ አልወጣም። ጎረቤታችን ያለ አንድ ጎበዝ ልጅ ወድቆ ዓመቱን ሙሉ ከቤት ሳይወጣ ሲቀር አይቻለሁ። እናም «ሙሉ ስኮላርሺፕ» የሚለውን ቃል ስሰማ ሌላ ነገር መስማት አቆምኩ።

ፓኬጁ 90 ሺህ ብር ነው አሉን። የኤስኤቲ (የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና) ትምህርት፣ የኤሴይ (የማመልከቻ ድርሰት) እገዛ፣ የአሥር ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ፣ የገንዘብ ድጋፍ ፎርም፣ እስከ ቪዛ ድረስ። የማመልከቻ ክፍያ ከዚያ ውጪ ነው። ለአንድ ዩኒቨርሲቲ 80 ዶላር፣ በድምሩ 800 ዶላር። 90 ሺሁን ተራዬ ሳይደርስ ሰው ለምኜ ከዕቁብ አወጣሁ። 400 ዶላሩን ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ እህቴ ላከችልኝ። የቀረውን 400 ዶላር በ170 ብር ሒሳብ 68 ሺህ ብር አስከፈሉን።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። 19 ዓመት የሰው ደረሰኝ ሳገላብጥ ኖሬያለሁ። ማኅተም የሌለው ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው ስንት ጊዜ መልሻለሁ። የልጄ ጊዜ ግን በእስክሪብቶ «ተቀብያለሁ» ተብሎ የተጻፈ ብጫቂ ወረቀት ይዤ ወጣሁ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ማሽኑ ተበላሽቷል፤ በኋላ ይወስዳሉ» አሉኝ። እሺ አልኩ። አላወቅኩም ማለት አልችልም። አውቃለሁ። ብጨቀጭቃቸው ልጄን ይጎዱብኛል ብዬ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። ከሁሉም በላይ የሚያቃጥለኝ ይህ ነው።

ዝም ያልኩት አንዴ ብቻም አይደለም። ለኤስኤቲ የሰጧት ጥራዝ የድሮው የወረቀት ፈተና ፎቶ ኮፒ ነበር። ፈተናው ከአሜሪካ ውጪ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኮምፒውተር፣ ብሉቡክ በሚባል መተግበሪያ ነው የሚሰጠው። ልጄ ራሷ ደርሳበት ካን አካዳሚ በሚባል ድረ ገጽ ላይ በነፃ ተለማመደች። ስትነግረኝ «ግድ የለም፤ ዋናው ማመልከቻው ነው» አልኳት።

አሁን ስለ ኤሴዩ። ኮመን አፕ በሚባለው፣ ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ጊዜ በሚመለከትበት ድረ ገጽ ላይ የሚገባው ዋናው ድርሰት ቢበዛ 650 ቃል ነው። ልጄ ስለ ብሎካችን ውሃ ጻፈች። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። እኛ ጋ ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው፤ እሱም ሌሊት። የላይኛው ፎቅ ሰው ሳይቀዳ ይሄዳል፤ ጠብ ይነሳል። እሷ 10ኛ ክፍል እያለች ተራ አወጣች። የትኛው ሌሊት ማን ቀድሞ እንደሚቀዳ፣ ብቻቸውን ለሚኖሩት እማማ ማን እንደሚሸከምላቸው፣ ሁሉንም ጽፋ ደረጃው ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። እስካሁን በዚያ ተራ ነው የምንቀዳው። ያንን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ስትሰጣቸው «ጥሩ ነው፤ ትንሽ እናስተካክለዋለን» አሏት።

ኢሜይሉን የከፈቱት እነሱ ናቸው። ፓስወርድ ስትጠይቃቸው «ሁለት ቦታ ከተከፈተ ሲስተሙ ይቆልፋል» ይሏታል። ታኅሣሥ 23 የመጨረሻው ቀን አለፈ። «አሥሩም ገብቷል፤ እንኳን ደስ አላችሁ» ተባልን። ያን ቀን ባለቤቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች።

ሰኞ ዕለት ስልክ ተደወለ። «አንድ ዶክመንት ጎድሏል። ዛሬውኑ መታወቂያዎን ይዘው ይምጡ።» ከሥራ አስፈቅጄ፣ ልጄን ከትምህርት ቤት አስወጥቼ ሄድን።

ጠረጴዛው ማዶ ያለችው ልጅ 25 ዓመት ቢሆናት ነው። ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ ነው።

«ዩኒቨርሲቲው ማስረጃ ጠይቋል» አለች። «የእናቷ የደመወዝ ወረቀት አለን። የቀረው የአባቷ የሞት ምስክር ወረቀት ነው።»

የሰው ፋይል የተቀላቀለባት መሰለኝ። እንዳታፍር ብዬ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። «የኔ ልጅ፣ ፋይል ሳትሳሳቺ አልቀረሽም። አባቷ እኔ ነኝ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ተመልሳ ስክሪኑን አየች። አልደነገጠችም። እስካሁን ከዓይኔ ያልጠፋው እሱ ነው፤ አለመደንገጧ።

«እሱን እናውቃለን ፋዘር» አለችኝ። «ለፕሮሰሱ ነው። ወረቀቱን የምናሠራበት ሰው አለን። 15 ሺህ ብር ነው። የመታወቂያዎን ኮፒ ብቻ እንፈልጋለን።»

መታወቂያዬ እጄ ላይ ነበር። ለምን ይዘህ ና እንዳሉኝ ያኔ ገባኝ።

ልጄ «ኤሴዬን አሳዪኝ» አለች። ልጅቷ «ሥራ አስኪያጁን ልጥራላችሁ» ብላ ተነስታ ወጣች። ስክሪኑ ክፍት ነበር። ልጄ ዞራ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። የውሃው ታሪክ የለም። አንድ መስመር እንኳ አልተረፈም። እንግሊዝኛውን እያየች በአማርኛ ታነብልኝ ጀመር።

የ12 ዓመት ልጅ እያለሁ አባቴ ከሕንፃ ላይ ወድቆ ሞተ ይላል። የቀብሩ ዕለት ዝናብ ይጥል ነበር ይላል። እናቴ ጠላ እየሸጠች አሳደገችኝ፤ እኔ በመንገድ መብራት ሥር አጠናሁ ይላል። እናቷ ነርስ ናት። ጠላ ሸጦ ልጅ ማሳደግ የሚያኮራ ሥራ ነው፤ ግን የኛ ታሪክ አይደለም። ልጄ «ያን ሌሊት የአባቴን ጫማ ታቅፌ ተኛሁ» የሚለው ጋ ስትደርስ ድምጿ ተቆረጠ። ዞር ብላ ጫማዬን አየች። ከዚያ አለቀሰች። ሰው ፊት ስታለቅስ ካየኋት ዓመታት አልፈዋል።

እንባዋን ጠርጋ ሌላውንም ገጽ ከፈተች። አባት በሕይወት አለ ወይ ለሚለው «የለም» ተብሎ ተሞልቷል። የሞትኩበት ዓመት 2020 እ.ኤ.አ. ተብሏል። መጨረሻ ላይ የሷ ስም ተፈርሟል። የሚፈረመው ቃል «ያቀረብኩት ሁሉ የራሴ ሥራ ነው፤ እውነትም ነው» የሚል ነው። ውሸት ከተገኘ የተሰጠ ቦታ ሊሰረዝ ይችላል፤ ትምህርት ተጀምሮ እንኳ ቢሆን ሊያስባርር ይችላል። የተፈረመው የልጄ ስም ነው። የነሱ ስም የትም የለም። ልጄ ስልኳን አውጥታ ገጾቹን አንድ በአንድ ፎቶ አነሳች።

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን እየነካካ ገባ። «ፋዘር፣ ይረጋጉ» አለኝ። እኔ ድምፄን አላነሳሁም ነበር። «አሜሪካኖች የሚፈልጉት ሐዘን ያለበት ታሪክ ነው። የውሃ ወረፋ ማን ያነባል? እርስዎ አሠራሩን አያውቁትም።» ብሬን መልስልኝ አልኩት። «ውሉን ያንብቡት፤ ተመላሽ የለም» አለ። ቀጥሎ የተናገረውን እንዳለ ነው የምጽፈው። «ልጅዎ እዚሁ ትቅር ካሉ መብትዎ ነው። 15 ሺህ ብር ከከበደዎት መጀመሪያውኑ እዚህ ምን አመጣዎት?»

ልጄ አጠገቤ ቆማ ነው ይህን ያለኝ።

መልስ አጣሁ። የልጄን እጅ ይዤ ወጣሁ። ደረጃው ጋ ሳንደርስ ከኋላችን ሲስቁ ሰማሁ። ታክሲ ውስጥ ልጄ «አባዬ፣ ይቅርታ» አለችኝ። እሷ ናት እኔን ይቅርታ የጠየቀችኝ።

ባለቤቴ ስትሰማ «በቁምህ ቀበሩህ» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ለእናቴ አልነገርናትም። ሟርት ነው ብላ ትታመምብናለች።

በማግስቱ እዚያው ቢሮ የተመዘገበች የልጄ ጓደኛ ከእናቷ ጋር ሄዳ «ኤሴዬን ካላየሁ አልወጣም» ብላ አስከፈተች። ያው ዝናብ። ያው የታቀፈው ጫማ። የሕንፃው ቦታ ላይ ብቻ የመኪና አደጋ ገብቷል። የዚያች ልጅ አባት ታክሲ ነጂ ነው። ደህና ነው፤ ትናንት አግኝቼው ብዙ አወራን። ሁለቱ ልጆች ካመለከቱባቸው ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የጋራ ነው። አንድ አንባቢ ሁለቱን ድርሰቶች ቢያገኛቸው ስለ ልጆቻችን ምን እንደሚያስብ ገምቱት።

ፎቶዎቹን ስናያቸው ሌላም ጉድ ወጣ። ከአሥሩ ዩኒቨርሲቲ የተላከው ለአራቱ ብቻ ነው። ስድስቱ ስማቸው ተመዝግቦ ባዶውን ተቀምጧል። በአራቱም ላይ ደግሞ የክፍያ ነፃነት ተጠይቋል። ኮመን አፕ ውስጥ መክፈል ለማይችል ተማሪ እንዲህ ያለ መጠየቂያ አለ። ስለዚህ ማመልከቻዎቹ ሲላኩ የተከፈለ ነገር የለም። 800 ዶላሩ ከነሱ ኪስ አልፎ የትም አልሄደም። እህቴ 400 ዶላሩን ያጠራቀመችው የሰው ልጅ እያዘለች፣ የሰው ወለል እየወለወለች ነው። እስካሁን ልነግራት አልቻልኩም።

ያ ሁሉ ውሸት ደግሞ ለምንም አያስፈልግም ነበር። ሐርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኤምአይቲ የውጭ አገር ተማሪ ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አያዩም። ከተቀበሉት ደግሞ ቤተሰቡ የማይችለውን ይሸፍናሉ። የአንድ ሒሳብ ሠራተኛና የአንዲት ነርስ ደመወዝ እንዳለ ቢጻፍ ይበቃ ነበር። እኔ ሞቼ የሚጨመርላት አንድም ነገር አልነበረም።

ልጄ ትናንት ማታ ለአራቱም ዩኒቨርሲቲዎች ከራሷ ኢሜይል ጻፈች። እኔ ከጎኗ ቁጭ ብዬ ነበር። «አባቴ በሕይወት አለ» ብላ ነው የጀመረችው። የተላከው ድርሰት የኔ አይደለም አለች፤ እንዴት እንደሆነ አስረዳች፤ የውሃውን ድርሰት አያይዛ ላከች። ማመልከቻዋን ሙሉ በሙሉ ሊሰርዙት ይችላሉ። ያንን አውቃ ነው የላከችው።

ለናንተ የምለው አጭር ነው። የኮመን አፕ አካውንቱን ልጃችሁ ራሱ ይክፈት፤ በነፃ ነው። ፓስወርድ የሚደብቃችሁ ቢሮ ጋ አንድ ቀን አትቆዩ። ምክር ከፈለጋችሁ በአሜሪካ ኤምባሲ ሥር ያለው ኤጁኬሽን ዩኤስኤ በነፃ ይመክራል። ያለ ደረሰኝ አትክፈሉ።

አራተኛ ፎቅ ላይ የከፈላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ሄዳችሁ የልጃችሁን ኤሴይ አስከፍታችሁ አንብቡ። ዝናቡንና ጫማውን ካገኛችሁት ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ከታክሲ ነጂው አባት ጋር አርብ ጠዋት አቤቱታ ልናስገባ ነው።