አዳማ ላይ የቆዳ ሐኪም ለምትፈልጉ፣ እናቴን ያየችልንን ሐኪም ልጠቁማችሁ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። አዳማ ውስጥ የምትሠራ አንዲት የቆዳ ሐኪምን፣ እሷ የላከችን የጥርስ ሐኪምን፣ ጥርሱን በእጁ የሠራውን ባለሙያም። ለእናቴ ያደረጉላትን በቃል «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ብቻ ማለፍ አልሆነልኝም። ደግሞም «ምነው ከሳሽ?» መባል የሰለቻቸው ብዙ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ለእነሱም ይጠቅማል።

እናቴ ስልሳን ተሻግራለች። ወንጂ ነው ያደገችው። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዋን አዳማ ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም ስትሸጥ ኖረች። ባለፉት ዓመታት ፊቷ ተለወጠ። ጉንጯ ገባ፣ የዓይኗ ሥር ጎደጎደ፣ ከአፍንጫዋ ወደ አፏ የሚወርደው መስመር ጠለቀ። ከአገጯ ግራና ቀኝ ደግሞ ቆዳው ረገበ። ኪሎዋ ግን ያው ነው፤ ቀሚሷ እንኳ አልሰፋትም። ሰው የሚያየው ፊት ነዋ። ለቅሶ ቤት ስትሄድ «አሞሽ ነው እንዴ?» ይሏታል። ማኅበር ላይ ደግሞ አፍ አውጥተው አይናገሩም፣ በዓይን ይለኳታል። ፊቱ የከሳ ሰው ላይ እኛ አገር ምን እንደሚወራ ታውቃላችሁ። እየቆየች ነጠላዋን እስከ አፏ ድረስ መሸፈን ጀመረች። አንጀቴን የበላው እሱ ነው።

ሐኪም ጋ ከመሄዳችን በፊት አንድ የውበት ሳሎን ገብተን ነበር። ስሙን አልጠራም። «በግማሽ ሰዓት ጉንጭዎን ሞልተን እንልክዎታለን» አሏት። ስኳር አለብዎት ወይ፣ መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። የሚወጋው ምንድን ነው ስንል «ከውጭ የመጣ ነው» ተባልን። የሚወጋውስ ማነው ስንል መልስ የለም። ተነስተን ወጣን። ይህችን ሐኪም የጠቆመችኝ ከዚያ በኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ እሷንም አብሬ አመሰግናለሁ።

ሐኪሟ ስለ መርፌ አንድም ቃል ሳታነሳ ረጅም ጊዜ ጠየቀች። ምግብ ይበላልዎታል? ኪሎ ቀንሰዋል? ልብ ይመታብዎታል? ሌሊት ያልብዎታል? የስኳር፣ የታይሮይድና ሌላም የደም ምርመራ አዘዘች። «ሰውነትም አብሮ እየከሳ ከሆነ፣ የምንፈልገው ሌላ ነገር ነው» አለችን። ከዚያ እኔን በትህትና ውጭ ጠብቂን ብላኝ ከእናቴ ጋር ብቻቸውን አወሩ። እናቴ በኋላ ራሷ ነገረችኝ፤ ስለ ኤችአይቪም ጠይቃት ነበር። ቀድሞ በሰፊው ይሰጥ የነበረው ስታቩዲን የሚባል የኤችአይቪ መድኃኒት የጉንጭን ስብ ያሟጥጥ ነበርና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. አገሮች ቀስ በቀስ እንዲተዉት መክሯል። ጉዳዩ እናቴን አይመለከታትም። ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳያሳፍሩ፣ በር ዘግተው የሚጠይቁ ሐኪም ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ቀጥሎ ቦርሳዋን አስከፈተቻት። «እማማ፣ ፊትዎ ላይ የሚቀቡትን ሁሉ ያሳዩኝ።» ለማድያት ተብሎ ከሱቅ የተገዛ ክሬም ወጣ። ሐኪሟ ቱቦውን አገላብጣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን በጣቷ አሳየችኝ፤ ክሎቤታሶል። ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳ ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ነው። ፊት ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ቆዳን ያሳሳል። የሳሳ ቆዳ ደግሞ ከሥሩ ያለውን ጉድለት ሁሉ ያጋልጣል። በአንዴ ማቆም ፊትን ሊያስቆጣ ስለሚችል እንዴት እየቀነሰች እንደምታቆም ጻፈችላት።

ምርመራው ሁሉ ደህና ሆኖ መጣ። ያን ጊዜ ነው ቁጭ አድርጋ ያስረዳችን። እኔ ከዚያ በፊት ፊት የሚያረጀው ቆዳው ሲጨማደድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ፊት እንደ ድንኳን ነው አለችን፤ ምሰሶው ሲያጥር ሸራው ይረግባል። ምሰሶው አጥንቱ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ጉድጓድ ይሰፋል፣ የላይኛው መንጋጭላ ወደ ኋላ ይሸሻል። በአጥንቱና በቆዳው መሀል ያለው ስብም አንድ ወጥ አይደለም፣ በክፍል በክፍል የተቀመጠ ነው። ጉንጭን ከጥልቁ የሚደግፈው ክፍል እየሳሳ ሲሄድ ከላዩ ያለው ወደ ታች ይወርዳል። ከላይ ጎድሎ ከታች የሚንጠለጠለው ለዚህ ነው። ቆዳን አጠንክሮ የሚይዘው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ደግሞ ከወጣትነት ጀምሮ በየዓመቱ 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሴት ልጅ ካረጠች በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት እስከ 30 በመቶ የሚሆነው የቆዳ ኮላጅን ሊጠፋ ይችላል። እናቴ ይህን ስትሰማ «እኔስ ምን በድዬ ነው እል ነበር» አለች። ለካ ነገሩን እንደ ራሷ ጥፋት ይዛው ኖራለች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሐኪሟ «እማማ፣ አንዴ አፍዎን ይክፈቱልኝ» አለች። የላይኞቹ የጎን ጥርሶች ከተነቀሉ ቆይተዋል። ጥጥ ጠቀለለችና በቀኝ በኩል ብቻ፣ በድዷና በጉንጯ መሀል አስገባች። «አሁን ይዝጉ» አለችና መስታወት ሰጠቻት። ቀኙ ጉንጭ ሞላ ብሎ ወጥቷል። የከንፈሯ ጫፍ ቀና ብሏል፣ ያ ጥልቅ መስመርም ሳሳ ብሏል። ግራው እንደነበረ ነው። እናቴ መስታወቱን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ እንደገና ወደ ቀኝ አዟዟረች። ጥጡ አፏ ውስጥ እያለ ለመናገር ሞከረች፣ አልሆነላትም። እጇን ዘርግታ የሐኪሟን ክንድ ያዘች።

ጥርስ ሲነቀል ተሸክሞት የነበረው አጥንት ሥራ ይፈታል፣ ይቀንሳልም። ብዙው የሚቀንሰው በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ከዚያም በዝግታ ይቀጥላል። ስለዚህ ከእናቴ ጉንጭ የጎደለው አንዱ ትልቅ ነገር ፊለር፣ ማለትም ጉድለት ለመሙላት ቆዳ ሥር የሚወጋው ነገር፣ የሚሞላው አልነበረም። ሐኪሟ ፊለር ትሠራለች፣ ገንዘብ የምታገኝበት አገልግሎቷ ነው። የዚያን ዕለት ብትወጋት እኛም ከፍለን፣ አመስግነን እንወጣ ነበር። እሷ ግን ወረቀት ጽፋ ወደ ጥርስ ሐኪም ላከችን። ይህን ሁሉ የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

የጥርስ ሐኪሙ ሁለት መንገድ አቀረበልን። አንዱ ኢምፕላንት፣ ማለትም መንጋጭላ አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር ነው። የማኘኩን ኃይል ለአጥንቱ ስለሚያደርስ አጥንቱን በማቆየት ይሻላል፤ ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው፣ የእሷ አጥንት ስለሳሳም ተጨማሪ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል። ሌላው ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። እናቴ ተነቃዩን መረጠች። የአጥንቱን መቀነስ እንደማያስቆመው፣ ድዱ ሲለወጥ ጥርሱም እየታየ መስተካከል እንዳለበት ፊት ለፊት ነግሯታል። ማታ አውልቃ ውሃ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ፈላ ውሃ ግን ቅርጹን ስለሚያበላሽ ክልክል ነው።

ጥርሱን የሠራውን ልጅ ለብቻው ማመስገን አለብኝ። ወንጂ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በልጅነቱ ከዚያ በላይ ያለበትን ውሃ ሲጠጣ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የእናቴም እንደዚያው ነው። «ልጄ፣ በጣም እንዳታነጣብኝ፣ የቀሩት ያሳጡኛል» አለችው። የናሙና ጥርሶቹን አንድ በአንድ ከንፈሯ አጠገብ እየያዘ፣ መስኮት ጋ አቁሞ በቀን ብርሃን አመሳሰለ። ዛሬ የትኛው የራሷ፣ የትኛው የእሱ ሥራ እንደሆነ እኔም ተጠግቼ ካላየሁ አልለይም። እጁ ይባረክ።

ጥርሱ ከገባ በኋላ ወደ ሐኪሟ ተመለስን። የታችኛው ፊቷ ተስተካክሏል። የዓይኗ ሥርና የላይኛው ጉንጯ ግን ጥርስ የሚደርስበት ቦታ አይደለም። ሐኪሟም ይህን አልደበቀችም፤ ከፈለገች እዚያ ላይ ፊለር መሞከር እንደሚቻል ነገረቻት። እኔ አከታትዬ ጠየቅኳት፣ ሳትሰለች መለሰችልኝ። በብዛት የሚሠራበት ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው፤ ሰውነታችን ራሱ የሚያመርተው፣ ውሃ የሚይዝ ነገር። እንደ ዓይነቱና እንደ ቦታው ከ6 እስከ 18 ወር ይቆያል። ችግር ከመጣ ሃያሉሮኒዴዝ በሚባል መድኃኒት ሊሟሟ ይችላል። ፖሊ ኤል ላክቲክ አሲድ የሚባለው ደግሞ ቆዳው ራሱ ኮላጅን እንዲሠራ ያነሳሳል። ለውጡ በወራት ነው የሚታየው፣ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል፣ ግን ማሟሟት አይቻልም። አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2004 እ.ኤ.አ. የተፈቀደውም ጉንጫቸው ለጎደለ የኤችአይቪ ታካሚዎች ነበር። ከሆድ ወይም ከጭን የራስን ስብ ወስዶ ፊት ላይ መጨመርም አለ። እሱ የቀዶ ጥገና ሐኪም ሥራ ነው፣ ከገባው ስብም የሚተርፈው የተወሰነው ነው። ቦቶክስን ሰው ከፊለር ጋር ያምታታዋል። ቦቶክስ ጡንቻ ያዝናናል እንጂ ጉድጓድ አይሞላም።

አደጋውንም አላለዘበችውም። ፊለር ደም ሥር ውስጥ ከገባ የደሙን መንገድ ይዘጋል። ቆዳ ሊሞት ይችላል። በቅንድብ መሀልና በአፍንጫ አካባቢ ከሆነ ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል። የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው፤ ሲያጋጥም ግን ጊዜ አይሰጥም። ቆዳው ከነጣ ወይም ከተዥጎረጎረ፣ ኃይለኛ ሕመም ከመጣ፣ እይታ ከደበዘዘ እዚያው በዚያው ሐኪም ጋ መድረስ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሚወጋችሁ ሰው ሐኪም መሆኑን፣ ማሟሟቻው አጠገቡ መኖሩን ጠይቁ። ዕቃው ፊታችሁ ይከፈት፣ ስሙንና የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ። ፈሳሽ ሲሊኮን ፊታችሁ ላይ ፈጽሞ አይግባ። ከዓመታት በኋላም እብጠት ያመጣል፣ ማውጣቱም መከራ ነው።

እናቴ አሰበችበትና «ይበቃኛል» አለች። ሐኪሟ አንድ ጊዜ እንኳ አልጎተጎተቻትም። ያዘዘችላት ባለ ኤስፒኤፍ 30 የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ሰፊ ባርኔጣና ማታ የሚቀባ ቀላል ማለስለሻ ብቻ ነው። የአዳማን ፀሐይ መቼም ለእናንተ አልነግርም። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚጎዳው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ደመናም ሁሉንም አያግደውም። እናቴ ክሬሙን የሱቋ መደርደሪያ ላይ፣ ከሚዛኑ አጠገብ አስቀምጣዋለች። በየሁለት ሰዓቱ ደግማ ትቀባለች፤ ለጎረቤት ነጋዴዎችም ታስረዳለች።

ነጠላዋ አሁን ትከሻዋ ላይ ነው። ሥጋ በጥርሷ ታኝካለች፣ ቆሎም ጀምራለች።

ሐኪሟ ስሟ በአደባባይ እንዲጻፍ አልፈለገችም፤ ፈቃዷን ማክበር አለብኝ። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የክሊኒኩንም የጥርስ ሐኪሙንም አድራሻ እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒትና የምትቀቡትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ከአሥር ዓመት በፊት የተነሳችሁት ጉርድ ፎቶ ካለም አትርሱ፤ ፊታችሁ ከየት ወዴት እንደሄደ የምታየው ከእሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ወረፋው ስለሚበዛ ከምሳ በኋላ ብትሄዱ ይቀላችኋል።