«ልሰርልህ» ሲላችሁ ጫማውን ከእጃችሁ አትልቀቁ

ከከተማ መውጫ ላይ፣ መናኸሪያው ጥግ፣ ሰልባጁም አትክልቱም አንድ ላይ የሚሸጥበትን ገበያ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሸራው ላይ ጫማ ተደርድሯል፣ ከጎኑ ሽንኩርት ተከምሯል፣ ከኋላ ረዳቱ «የሞላ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል። ልጁንም ታውቁታላችሁ፤ «ወንድሜ፣ ላንተ ስል ነው» እያለ ሳትከራከሩት ዋጋ የሚቀንሰውን። ዛሬ 1,800 ብር በልቶኛል። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው።

መጀመሪያ የሚሰጣችሁ የቀኝ እግሩን ብቻ ነው። እዚህ ላይ ተንኮል የለም፤ ጥንዱን ሌባ እንዳይወስድባቸው ሁሉም አንድ እግር ነው የሚያወጡት፣ ግራው ከሸራው ስር ነው። ትለካላችሁ፣ 42፣ ልክክ ይላል። ሶሉን ታጥፋላችሁ፣ ደህና ነው። ዋጋ ትስማማላችሁ። ያን ጊዜ «አምጣው ልሰርልህ» ብሎ ከእጃችሁ ይቀበላል።

አለቀ። ሁሉ ነገር የሚሆነው እዚህች ላይ ነው። በርከክ ብሎ ግራውን ከሸራው ስር ይስባል፣ ሁለቱን ፊት ለፊት አጋጥሞ በማሰሪያቸው ያቆራኛል፣ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ይከታል። ልክ ፌስታሉን ሲከፍት ጓደኛው «ዝርዝር የለህም?» ብሎ ይጠይቃል። አንገታችሁን ደፍታችሁ ኪስ ትፈትሻላችሁ። ቀና ስትሉ ፌስታሉ ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል፣ ካልተቀደደ በማይፈታ አኳኋን። ቋጠሮው ራሱ የሥራው ክፍል ነው፤ መኪና ላይ ሆናችሁ እንጂ እዚያው ቆማችሁ እንዳትፈቱት።

ከፌስታሉ የወጣው ይህ ነው። ቀኙ ያው የለካሁት 42። ግራው በቀለምም በሞዴልም አንድ፣ ግን 41፣ አፍንጫው ጋ ተከፍቶ በማስቲሽ የተለጠፈ። ማስቲሹ ገና ይሸታል። እኔ ደግሞ እንዳይሰርቁኝ ብዬ ፌስታሉን ደረቴ ላይ አቅፌው ተቀምጫለሁ!

«አንድ ሰው የቀረው» መኪና አርባ ደቂቃ ስለቆመ ተመልሼ ወረድኩ። ልጁ የለም። በቦታው የተቀመጠው «እኔ ቀበቶ ነው የምሸጠው» አለኝ፣ ከፊቱ አንድም ቀበቶ ሳይኖር። ጫማውን አገላብጦ አየና «ችግር የለውም ጋሼ፣ በቀኙ ወፍራም ካልሲ አድርጉበት» አለ። ጎረቤቶቹ ሳቁ። ደረሰኝ የለ፣ ለማን ይከሰሳል? ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት ክልክል ነው፤ ሰልባጁ በኮንትሮባንድ ነው የሚገባው። ሻጩ ይህን ከእናንተ በላይ ያውቃል። መንገደኛ እንደሆናችሁና ነገ እንደማትመለሱም ከሻንጣችሁ አውቋል።

ሽንኩርቱ ጋ ያለው ዘዴ ደግሞ ቀስ ያለ ነው። የሚንጠለጠለው ባለ መርፌ ሚዛን ባዶውን 200 ግራም ላይ ከቆመ፣ በየምዘናው 200 ግራም ይጎድልባችኋል። አምስት ኪሎ በአንድ ጊዜ ብታስመዝኑ የሚጎድለው ያው 200 ነው። አንዳንድ ኪሎ እያደረገ አምስት ጊዜ ከመዘነ ግን አንድ ሙሉ ኪሎ ሄደ። «ፌስታሉ እንዳይቀደድ» ብሎ ከፋፍሎ የሚመዝነው ለዚህ ነው። መርፌው ዜሮ ላይ ቆሞ ውስጡ የተነካካ ሚዛንም አለ። ያን የሚያጋልጠው ያልተከፈተ ባለ አንድ ሊትር ውኃ ነው፤ ስቀሉት፣ ከፕላስቲኩ ጋር ከአንድ ኪሎ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። 1.2 ካለ ትታችሁ ሂዱ። ማዳበሪያ ሙሉ የምትገዙ ከሆነ ከላይ ያለውን አትዩ፣ ሁሌም የተመረጠው እሱ ነው፤ እጃችሁን በጎን እስከ ታች ስደዱ። ከታች እርጥብ ከሆነ ወይ ውኃ ተረጭቶበታል ወይ መበስበስ ጀምሯል። አንገቱ ላይ በአውራ ጣት ተጫኑት። ከለሰለሰ በደንብ ሳይደርቅ የተነቀለ ነው፣ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ እንኳን ለሩቅ መንገድ ለሦስት ቀንም አይሆን።

ለጫማው፦ ሁለቱንም እግር አድርጋችሁ ቁሙ፣ ቁጥሩን በሁለቱም ምላስ ላይ አንብቡ፣ ሶል ከሶል ግጠሙ። ዓመታት የተቀመጠ ሶል ሲታይ ደህና ይመስላል፣ በጥፍር ሲጫኑት ከተፈረፈረ ወይም ከተጣበቀ ሳምንት አይቆይም። ዝርዝር ብር አስቀድማችሁ ያዙ። ፌስታል ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፣ ራሳችሁ ክተቱ።

ጫማው እኔ ጋ ነው። ቀኙ 42፣ ግራው 41 የሆነ ሰው ካለ በነፃ ይውሰድ።