ጉግል ፎርምስ ለትምህርት ጉዳይ ተጠሪ እጩ፦ ለመጠይቅ ይበጃል፣ ለድምፅ መስጫ ያሰጋል

በተማሪዎች ኅብረት ውስጥ ለትምህርት ጉዳይ ተጠሪነት የሚወዳደር እጩ ከፖስተር በፊት ማስረጃ ያስፈልገዋል። ሲመረጥ ከመምህራንና ከዲኖች ጋር ይሰበሰባል፤ «ተማሪው ተቸግሯል» ባለ ቁጥር «በየትኛው ኮርስ? ስንት ተማሪ?» መባሉ አይቀርም። ይህን መልስ ከወዲሁ ለመሰብሰብ አብዛኛው እጩ የሚጠቀመው ጉግል ፎርምስን፣ የጉግልን የኢንተርኔት መጠይቅ ማዘጋጃ፣ ነው። ነፃ ነው፣ በስልክ ይሞላል፣ ሊንኩን በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ መልቀቅ ይበቃል። በዚህ ሥራ ላይ የሚወዳደረው ያለ አይመስለንም፤ ሆኖም ቸልተኛ ሰው እጅ ከገባ የማይረባ ቁጥር ያመርታል።

የመጀመሪያው ጥንቃቄ ዲፓርትመንትንና ኮርስን ተማሪው በራሱ እንዲጽፍ አለመተው ነው። አንዱ «ሂሳብ»፣ ሌላው «ሒሳብ»፣ ሦስተኛው «ሂሣብ» ይላል፤ መልሶቹ የሚጠራቀሙበት ሺትስ (የጉግል የሰንጠረዥ ፕሮግራም) ደግሞ ሦስት የተለያዩ ዲፓርትመንቶች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ድሮፕዳውን (ከተዘጋጀ ተዘርጊ ዝርዝር አንዱ የሚመረጥበት) ይሁን። በመረጠው ዲፓርትመንት መሠረት ወደ ራሱ የኮርሶች ዝርዝር እንዲያልፍ ፎርሙን በክፍል በክፍል መከፋፈል ይቻላል፤ ይህ መንገድ የሚሠራው ግን በድሮፕዳውንና አንድ መልስ ብቻ በሚመረጥበት ጥያቄ ነው። ብዙ ምርጫ ምልክት በሚደረግበት ጥያቄ አይሠራም፤ ብዙ ሰው የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ የጥያቄው ይዘት አለ። «በግብረ መልስ አሰጣጡ ረክተሃል?» የሚል ጥያቄ ስብሰባ ላይ አያስከራክርም። «አሳይንመንቱን ካስረከብክ ከስንት ሳምንት በኋላ ውጤቱ ደረሰህ?» ብሎ መጠየቅና ከቁጥር ሌላ እንዳይቀበል ማረጋገጫ መጨመር ይሻላል። የተቋሙ መመሪያ የጊዜ ገደብ ካስቀመጠ፣ ስንቱ ተማሪ ከገደቡ ውጭ እንደጠበቀ ወዲያው ይታያል። ለፈተና መደራረብም እንዲሁ ነው፤ «ይበዛል ወይ?» ከማለት «በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢበዛ ስንት ፈተና ነበረህ?» ማለት። በነፃ የሚጻፍበት ጥያቄ አንድ ብቻ ይኑር፣ እሱም መጨረሻ ላይ፤ ሁለት ሲሆን የሚያነበው ሰው ይጠፋል።

በፎርሙ ላይ የሚታየው ማጠቃለያ ግራፍ ያማረ ነው፣ ግን ብዙ እጩ ያሳስታል። አንድ ሰው ከአንድ በላይ በሚመርጥበት ጥያቄ የመቶኛዎቹ ድምር ከ100 ይበልጣል፤ በፖስተር ላይ እንደ ድርሻ የጻፈው እጩ ክርክር ላይ ይጋለጣል። ማጠቃለያው ውጤቱን በዲፓርትመንት ለይቶም አያሳይም። ለዚያ ሺትስ ውስጥ ፒቮት ቴብል (መልሶቹን በምድብ እየለየ የሚቆጥር ማጠቃለያ ሰንጠረዥ) መሥራት ግድ ነው። ከሁሉ በላይ የመላሾችን ቁጥር ከክፍሉ ጠቅላላ ተማሪ ጎን ጻፉ፤ ከ50 ተማሪ 40 መመለሱና ከ400 ተማሪ 40 መመለሱ አንድ አይደለም። መጠይቁ ከተለቀቀ በኋላ የምርጫዎቹን ቃል መቀየርም ውጤቱን ለሁለት ይከፍለዋል። ስለዚህ አስቀድሞ በአምስት ሰው ማስሞከር ይገባል።

ስም አለመያዙስ? ኢሜይል መሰብሰቢያውን መዝጋት ግማሽ መንገድ ብቻ ነው። ሺትስ እያንዳንዱ መልስ የገባበትን ሰዓት ከነሰከንዱ ይመዘግባል፤ 12 ተማሪ ባለበት ክፍል «አሁን ሞላሁ» ብሎ ግሩፕ ላይ የጻፈውን መለየት ቀላል ነው። ፋይል ማያያዝን መፍቀድ ደግሞ የባሰ ነው፦ መላሹ በጉግል አካውንቱ እንዲገባ ያስገድዳል፣ ፋይሉም የላኪውን ስም ይዞ ይመጣል። ስለ መምህሩ ቅሬታ ያለው ተማሪ ይህን ሲያይ ፎርሙን ዘግቶ ይወጣል፤ እውነት አለው።

አሁን ወደ ድምፅ መስጫው። አስመራጭ ኮሚቴዎች ይህንኑ ፎርም ለምርጫው ሲጠቀሙበት ይታያል፤ እኛ አንመክረውም። «አንድ ሰው አንድ መልስ» የሚለው መቆጣጠሪያ የሚቆጥረው አካውንትን እንጂ ተማሪን አይደለም። ፎርሙን በተቋሙ ኢሜይል ላላቸው ብቻ መገደብ ካልተቻለ ሦስት አካውንት ያለው ሦስት ጊዜ ይመርጣል። የማረም ፈቃድ ያለው ሁሉ ምርጫው ሳያልቅ ማን እየመራ እንደሆነ ያያል፤ ወሬው በአንድ ሰዓት ውስጥ ግቢውን ያዳርሳል። እጩዎችን በቅደም ተከተል ማስመረጥ ከፈለጋችሁ በግሪድ ጥያቄ (እጩዎቹ በረድፍ፣ ደረጃዎቹ በዓምድ በሚቀመጡበት ሰንጠረዥ) ማስመሰል ይቻላል፤ እያንዳንዱ ረድፍ መልስ እንዲኖረው፣ በአንድ ዓምድም ከአንድ በላይ መልስ እንዳይገባ አድርጉት። ዝቅተኛ ድምፅ ያገኘውን ጥሎ ድምፁን ለቀጣዩ ማዛወሩን ግን ፎርሙ አይሠራላችሁም፣ በእጅ ነው።

ሌላ አማራጭ የሌለው ኮሚቴ ቢያንስ የእጩዎቹ ስም ለየመራጩ ተራ እየቀያየረ እንዲታይ ያድርግ፤ ዝርዝሩ አናት ላይ ያለ ስም ያለ ሥራው ድምፅ ይለቅማል። መላሾች የውጤት ማጠቃለያውን እንዲያዩ የሚፈቅደው ቅንብርም መዘጋቱን ያረጋግጥ። ሰዓቱ ሲሞላ ፎርሙን በእጩ ታዛቢዎች ፊት መዝጋትና በፎርሙ ላይ ያለውን የመልስ ቁጥር ከሺትሱ ረድፎች ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። ሺትሱ ላይ የተነካ ነገር ወደ ፎርሙ አይመለስም፣ ከፎርሙ የተሰረዘ መልስም ሺትሱ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ ቆጠራው ከመቀጠሉ በፊት የማረም ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ዝርዝርና የሺትሱ የለውጥ ታሪክ ለታዛቢዎቹ ይከፈት።