ለአንድ የደሴ የኮምፒዩተር ባለሙያ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የደሴ፣ የኮምቦልቻና የአካባቢው ነዋሪዎች። ይህን የምጽፈው የኮምፒዩተሬን ድምፅ ለማስተካከል ከአንዱ ደጃፍ ወደ ሌላው ስንከራተት ቆይቼ፣ በመጨረሻ ሥራውን የሚያውቅና ሰው የሚያከብር ወጣት ባለሙያ ስላገኘሁ ነው። እርሱን በአደባባይ ማመስገን እወዳለሁ፤ እንደ እኔ የተቸገረ ካለም ሳይንገላታ ወደ እርሱ እንዲሄድ እጠቁማለሁ።

ጅዳ የምትኖረው እህቴ አምስት ትናንሽ ድምፅ ማጉያዎችና አንድ ትልቅ የቤዝ ሳጥን ያለው፣ ድምፁን በክፍሉ ዙሪያ የሚያሰማ ስፒከር ልካልን ነበር። ቀን ቀን፣ በተለይም ጎረቤት ለቡና ሲሰበሰብ፣ የምንሰማው በዚህ ስፒከር ነው። ማታ ግን እናቴ በጊዜ ተኝታ ለሱብሒ (ለንጋት ሶላት) ስለምትነሣ እኔ በጆሮ ማዳመጫ እሠራለሁ። ሥራዬም ነፍሱን ይማረውና አባቴ በካሴት ቀድቶ ያስቀመጣቸውን መንዙማዎች ወደ ኮምፒዩተር ማስገባትና እየሰማሁ ግጥሞቻቸውን መጻፍ ነው። መንዙማን የምታውቁ የወሎ ልጆች እንደምትረዱት፣ ድቤው እየተመታና ጀማው እየተቀበለ የመሪውን እያንዳንዱን ቃል ለይቶ መያዝ ጸጥታም ጥሩ ማዳመጫም ይጠይቃል።

ችግሩ የጀመረው ከስፒከሩ ወደ ማዳመጫው መቀያየሩ ላይ ነው። ማዳመጫውን ስሰካ ስፒከሩ በሙሉ ዝም ይላል፤ ይህስ ይሁን። ዘጋቢ ፊልም ስከፍት ግን ሙዚቃውና የመኪናው ጩኸት በማዳመጫው ውስጥ ጥርት ብሎ እየተሰማ የሰዎቹ ንግግር ይጠፋል። አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ቃላቸው ግን የለም።

ይህን ይዤ የደረስኩባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። በአንደኛው ቦታ ሰውየው የኮምፒዩተሩን ሳጥን እንኳ ሳይከፍት «ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ተቃጥሏል» ብሎ፣ ያገለገለ ኮምፒዩተር ሊገዛ የሚችል ገንዘብ ጠየቀኝ። በሌላው ቦታ ደግሞ ኮምፒዩተሬን አሳድረው፣ አንድም ቃል ሳይጠይቁኝ ፎርማት አድርገው ጠበቁኝ። ስንት ሌሊት ተቀምጬ ከካሴት ያስገባኋቸው መንዙማዎች በሙሉ ጠፉ። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ድምፅ ነው ያልከን እንጂ ፋይል መች አልከን?» ተባልኩ። አብዛኛዎቹን ካሴቶች እንደገና መቅዳት ይቻላል፤ አንደኛው ግን ከተቀዳ በኋላ ክሩ ተበጣጥሶ ስለነበር በእርሱ ላይ የነበረው ላይመለስ ሄደ። ለዚህ ሥራ ከፍዬ ወደ ቤቴ ስመለስ ከስድስቱ ድምፅ ማጉያዎች የሚሠሩት ሁለቱ ብቻ ሆነው አገኘኋቸው። ከዚያ በኋላ ያማከርኩት ሌላ ሰው እንዲህ ያለው ስፒከር እዚህ አገር ከኮምፒዩተር ጋር እንደማይሠራ በእርግጠኝነት ነግሮኝ ሲያበቃ፣ በዚያው ትንፋሽ «ለእኔ ሽጥልኝ» አለኝ። የማይሠራ ዕቃ ምን ሊያደርግለት እንደሆነ እስካሁን ይገርመኛል።

አሁን ወደማመሰግነው ልጅ ልምጣ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠቁሞኝ ስደውልለት በመጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ገንዘብ ሳይሆን ድምፁ መቼ እንደሚጠፋና መቼ እንደሚመለስ ነበር። ካዳመጠኝ በኋላ ስፒከሩ ባለበት ቦታ ካላየው ለመናገር እንደሚቸገር ገልጾ ዋጋውን አስቀድሞ ነገረኝ። ከዚያም የጦሳን ተራራ የሸፈነው ጉም ወደ ከተማው በወረደበት ብርድ፣ ቦርሳውን አንግቶ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ መጣ።

ገብቶ ሰላምታ ከሰጠ በኋላ፣ ፎርማቱ ሲደረግ ሳይጫን የቀረውን የድምፅ ሶፍትዌር ጫነ። ቀጥሎ ያደረገውን ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። እናቴ ሁልጊዜ በምትቀመጥበት ምንጣፍ ላይ እንድትቀመጥ በትሕትና ጠየቃትና «እማማ፣ አሁን ድምፅ አሰማለሁ፤ ከየት በኩል እንደመጣብዎ በእጅዎ ያሳዩኝ» አላት። ኮምፒዩተሩ ድምፅ ማጉያዎቹን አንድ በአንድ የሚሞክርበት ቦታ አለው። እርሱ እየነካ፣ እናቴ «ከበሩ!»፣ «ከጓዳው!» እያለች፣ ቤቱ የፈተና ክፍል ሆነ። በመካከሉ ኮምፒዩተሩ የኋላው ቀኝ ነው የሚለውን ድምፅ ማጉያ ሲነካ የእናቴ እጅ ወደ ፊት አመለከተ። እርሱም የእናቴን እጅ አምኖ በስልኩ መብራት ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ሲመለከት ገመዶቹ ተዛንፈው ተሰክተዋል። አረንጓዴው ቀዳዳ ለፊት፣ ጥቁሩ ለኋላ፣ ብርቱካናማው ለመካከለኛውና ለቤዙ እንደሆነ እያሳየኝ በየቦታቸው መለሳቸው። ከእርሱ በፊት ያየኋቸው ሁሉ እኔን እንኳ በቅጡ አላዳመጡኝም፤ እርሱ ግን ኮምፒዩተር ነክታ የማታውቅ አሮጊት እናቴን አማከረ።

የንግግሩን መጥፋትም በሚገባኝ ቋንቋ አስረዳኝ። በፊልም የሰዎች ንግግር አብዛኛውን ጊዜ የሚላከው ለመካከለኛው ድምፅ ማጉያ ነው፤ ማዳመጫ ግን ያለው ግራና ቀኝ ብቻ ስለሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ስድስቱም ማጉያዎች የተሰኩ መስሎት ከቀጠለ ንግግሩ የሚወጣበት አጥቶ ይቀራል። ስለዚህ ማዳመጫው የሚሰካበት የፊቱ ቀዳዳና የኋላዎቹ ቀዳዳዎች ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ሆነው እንዲታዩ አደረገ። እንዴት እንዳደረገው ብጠየቅ አልመልስም፤ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ብዙ ሣጥኖች ሲከፍትና ሲዘጋ ብቻ ነው ያየሁት። አሁን ማዳመጫው እንደተሰካ ይኖራል። በስክሪኑ ጥግ ከሰዓቱ አጠገብ ያለችውን የስፒከር ምልክት ተጭኜ የምፈልገውን መምረጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ስሞቹንም ራሱ በአማርኛ ለውጦ አንዱን «የቀን»፣ ሌላውን «የሌሊት» ስላላቸው የእህቴ ልጅም ሳይጠይቀኝ ይቀያይራል። አንዳንድ ፕሮግራም ከተከፈተ በኋላ ሲቀይሩት በቀድሞው በኩል መጮኹን ሊቀጥል ስለሚችል ዘግቼ እንድከፍተውም አስጠንቅቆኛል፤ ይህም እንዳለው ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሐቀኛነቱንም ልመስክር። ብዙ ድምፅ ማጉያ አለው እየተባለ በውድ የሚሸጥ ማዳመጫ ልግዛ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ የካሴት ቅጂ ከግራና ቀኝ የዘለለ ነገር ስለሌለው ለሥራዬ ያለኝ ማዳመጫ እንደሚበቃኝ ነገረኝ። ሊያተርፍበት ይችል ነበር። ለሙከራም እንደገና ካስገባኋቸው መንዙማዎች አንዱን ከፍቶ ማዳመጫውን በእናቴ ሻሽ ላይ አደረገላት። አባቴ በዚያ ቅጂ ላይ ከተቀባዮቹ አንዱ ነው። እናቴ ጥቂት አዳምጣ «በግራ በኩል ነው የተቀመጠው» አለች፤ እኔ ካሴቱን ስሰማ ኖሬ ይህን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። እርሱም ቸኩሎ አላስነሣትም፤ መንዙማው እስኪያልቅ ቡናውን እየጠጣ ጠበቃት። ከተነጋገርነው በላይ ልጨምርለት ብለምነው አንድ ብር አልተቀበለም። እናቴ «ክፉ አይንካህ፣ ያሰብከውን ያሳካልህ» ብላ መርቃ ሸኘችው።

ወንድሜ፣ አላህ ይስጥልኝ፤ እጅህ ይባረክ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ሆነ ከሚሴ ያላችሁ፣ ስፒከራችሁ ወይም ማዳመጫችሁ ቢያስቸግራችሁ፣ ተቃጥሏል ተብላችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እባካችሁ ለእርሱ አሳዩት። ስሙንና ስልኩን በአደባባይ ለማውጣት ስላልጠየቅሁት በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ስትደውሉለት ስንት ድምፅ ማጉያ እንዳላችሁና ድምፁ ምን ሲደረግ እንደሚጠፋ ንገሩት፤ ከስፒከሩ ጋር የመጡትን ገመዶችም አትጣሉ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነርሱን ነው።