የ«ኮከብና ሙያ» ንባብ በጎንደር፦ ቻርቱ ደህና፣ ትርጓሜው ችኩል

ፒያሳ አካባቢ ለተመራቂና ለሥራ ፈላጊ ተብሎ የሚሸጥ የኮከብ ንባብ አለ። የልደት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ትሰጣላችሁ፤ በኮምፒውተር የተሠራ የልደት ቻርት፣ ማለትም በተወለዳችሁበት ሰዓት ፕላኔቶች የነበሩበትን ቦታ የሚያሳይ ክብ ሥዕል፣ እና «የኋሊት የሚሄዱ ፕላኔቶችና የሙያ ስኬት» የሚል ጽሑፍ ታትሞ ይመጣላችኋል። የኋሊት የሚባለው ፕላኔት ከመሬት ሲታይ ወደ ኋላ የሚመለስ የሚመስለው ነው። የሰውየውን ስም የፊደል ቁጥር ከእናቱ ስም ጋር ደምሮ በ12 ከሚገድፈው (አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እየቀነሰ ቀሪውን ከሚወስደው) ከአገራችን ሐሳበ ከዋክብት ጋር አታምታቱት። በዚያኛው ኮከቡ የሚገኘው ከስም ፊደል ስለሆነ፣ ፕላኔቷ በልደት ዕለት ወደፊት ሄደች ወደ ኋላ የሚለው ጥያቄ አይነሳም።

መጀመሪያ የሚበላሸው የቀን ልወጣ ነው። ለመፈተን የጥምቀትን ዕለት፣ ጥር 11 ቀን 1990 ዓ.ም.ን ስጧቸው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 1998 መሆኑ ነው፤ ከሜርኩሪ እስከ ሳተርን ካሉት አምስቱ የኋሊት የምትሄደው ቬነስ ብቻ ናት። ሳይለወጥ እንደ ጃንዋሪ 11 ቀን 1990 ከገባ ግን ሜርኩሪ፣ ቬነስና ጁፒተር ሦስቱም የኋሊት ሆነው ይወጣሉ፤ ባለጉዳዩም ያልተወለደበትን ዕዳ ተሸክሞ ይሄዳል። ይህ ሻጭ ፈተናውን ያልፋል።

የሚወድቀው ሰዓት ላይ ነው። ቅጹ «ሰዓት» ብቻ ይላል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተወለደ ሰው «2» ብሎ ሲሞላ ኮምፒውተሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርጎ ይይዘዋል። ስድስት ሰዓት ሲዛባ የኋሊት ጉዞው አይለወጥም፣ ሜርኩሪ እንኳ ለሦስት ሳምንት ያህል በዚያው ይቆያልና። የሚዞረው የ«ቤቶቹ»፣ ማለትም ቻርቱ የሚከፈልባቸው የ12ቱ ክፍሎች አቀማመጥ ነው፤ የሙያ የሚባለው አሥረኛው ቤት ከ12ቱ ኮከቦች ሦስት ያህል ይሸሻል። ስለዚህ «8 ሰዓት ጠዋት በፈረንጅ» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተወለደ ደግሞ ቀኑ ያለፈው ይሁን የሚነጋው ቤተሰብ ይጠይቅ። በጎንደር ፋንታ አዲስ አበባ ቢሞላ ግን ያን ያህል አያስጨንቅም፦ የሰዓት ክልሉ አንድ ነው፣ በፀሐይ አቆጣጠር ያላቸው ልዩነትም 5 ደቂቃ ገደማ ነው።

አሁን ወደ ጽሑፉ። «ሳተርን የኋሊት ነው፤ እድገትህ ይዘገያል» ይላል፣ በቃ። ሳተርን በየዓመቱ አራት ወር ተኩል ያህል የኋሊት ይታያል። አብረው ከተመረቁት ከሦስቱ አንዱ ያው ነው ማለት ነው። ቬነስ በ19 ወር አንዴ ለ40 ቀን ገደማ ብቻ ስለምትመለስ እሷ ብትለይ ያምራል፤ እነሱ ግን ደመወዝንና የራስን ዋጋ መተመንን የሚመለከተውን የቬነስን ትርጓሜ በአንድ መስመር አልፈውታል።

በራሱ በኮከብ ቆጠራው ሕግ እንኳ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ የኋሊት የሚሄደው ፕላኔት አሥረኛው ቤት ውስጥ ነው? ወይስ የዚያ ቤት ገዥ (ቤቱ የወደቀበት ኮከብ ባለቤት የሚባለው ፕላኔት) ነው? ሁለቱም ካልሆነ ስለ ሙያ የሚለው ትንሽ ነው። ወረቀቱ ይህን አይለይም። የየትኛው ትምህርት ተከታይ እንደሆነም አይናገርም። የድሮው የምዕራባውያን ሥርዓት የኋሊት ጉዞን እንደ ድካም ይቆጥረዋል፤ የህንዱ በተቃራኒው ለፕላኔቱ ብርታት ይሰጠዋል፤ ዘመነኞቹ ደግሞ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ሰውየው ሥራውን ደጋግሞ ያርማል ይላሉ። አንዱ ጋ ዘገምተኛ የተባለ ሌላው ጋ ብርቱ ነው።

ፕላኔቱ ራሱ ወደ ኋላ አይሄድም። ወደ አዘዞ ስትወርዱ ባጃጃችሁ ሌላውን ሲቀድም፣ የተቀደመው ወደ ኋላ የሚንሸራተት ይመስላል፤ መሬት ማርስን፣ ጁፒተርንና ሳተርንን ስትቀድም የሚታየው ይኸው ነው። ሜርኩሪና ቬነስ ሲሆኑ እነሱ ናቸው እኛን የሚቀድሙት። ኮከብ ቆጣሪዎች የልደት ቻርትን ከባለቤቱ ጠባይ ጋር እንዲያዛምዱ በ1985 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት የታተመ ሙከራ ደግሞ ውጤታቸው ከግምት እንዳልተሻለ አሳይቷል። እንግዲህ የምትገዙት ለጨዋታም ለራስ መጠየቂያም የሚሆን ወረቀት ነው፤ ለሥራ ማመልከቻ ማዘግያ አታድርጉት።

ለመግዛት የቆረጠ ከክቡ ሥዕል ጋር የፕላኔቶቹን ቦታ በዲግሪ የሚዘረዝረውን ሠንጠረዥም ያሳትም። እግሯ የተሰረዘች የላቲን «አር» ከአጠገቡ ያለች ፕላኔት የኋሊት ናት፤ ጽሑፉ የጠቀሳቸውን አንድ በአንድ ከዚያ ጋር ያመሳክር።