ዘይት ሊጠፋ ነው ሲባል፦ ፓልም፣ ሱፍ ወይስ ኑግ?

«የሚሌ መንገድ ተዘጋ»፣ ማለትም ከጅቡቲ ዕቃ የሚመጣበት መንገድ ተዘጋ፣ የሚል ወሬ ደሴ ከገባ መጀመሪያ የሚሰወረው ዘይት ነው። ጠዋት ሱቅ ደጃፍ ተደርድሮ ያያችሁት ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ከሰዓት የለም። «አልቋል» ትባላላችሁ። ትንሽ ቆም ካላችሁ ግን አንድ ከጓዳ ይወጣል፣ ዋጋ ተጨምሮበት። ያው በድሮው ዋጋ የገባው ጄሪካን ነው እኮ!

ፓልም፣ ማለትም የሚረጋው ዘይት፣ በደህናው ቀን ርካሹ ነው። ሰው የሚሻማውም እሱን ነው። በብዛት ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ ተነስቶ በጅቡቲ በኩል ስለሚመጣ ትንሽ ወሬ ይበቃዋል። ኢንዶኔዥያ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ፓልም ወደ ውጭ እንዳይላክ ከልክላ፣ ወር ሳይሞላ ነው እገዳውን ያነሳችው። ስለዚህ ተበድሮ ሦስት ጄሪካን መጫን አያዋጣም። ደግሞ የደሴን ብርድ አይችልም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ፀሐይ ካላሞቁት አልቀዳም ይላል። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል እዚያ ያላችሁ በዚህ እንኳን ትንሽ ይሻላችኋል።

ሱፍ ብርድ አያረጋውም፣ ሳይከፈት ከተቀመጠም ይቆያል። ጥፋቱ ውድነቱ ነው። ግን በግርግር ሰሞን የፓልም ዋጋ ተስቦ ሱፍ ጋ ሊደርስ ይቃረባል። ያኔ ትንሽ ጨምሮ ሱፍ መግዛት ነው።

ኑግ የእኔ ምርጫ ነው። የአገር ውስጥ እህል ስለሆነ መርከብ አይጠብቅም፤ አዝመራው ሲገባ ደግሞ ዋጋው ረገብ ይላል። ለሽሮውም ጣዕሙ ሌላ ነው። ችግሩ ቶሎ ይሻግታል፤ ለሁለት ለሦስት ሳምንት የሚበቃ ብቻ ከመጭመቂያ ቤት አስቀዱ። ፓልም የሚቀላቅሉበትም አሉ። ጥቂት በብርጭቆ ቀድታችሁ በብርዱ ወራት ሌሊቱን ውጭ አሳድሩት። ንጹሕ ኑግ በደሴ ብርድ አይረጋም። ጠዋት ከሥሩ ነጭ ነገር ከረጋ ተቀላቅሏል ማለት ነው። ወደዚያ ቤት አትመለሱ።

ከየትም ግዙ፣ ደረሰኝ ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋ መለጠፍና ደረሰኝ መስጠት አለበት፤ ሸቀጥ መደበቅም ክልክል ነው። የሚቀዳ ዘይት ከሆነ «ኪሎ ነው ሊትር?» በሉ። አንድ ሊትር ዘይት 920 ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው፤ 5 ሊትሩ 4.6 ኪሎ ያህል ይሆናል። በኪሎ ዋጋ ተቀብሎ በሊትር የሚቀዳ አይጠፋም።