ፒያሳ፣ ጎንደር፦ ጠረጴዛው ደህና፣ የነጯ ህግ ግን ያልተጨረሰበት ፑል ቤት

ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ ሲወረድ ፎቅ ላይ ያለው ፑል ቤት ሦስት ጠረጴዛ አለው። ሦስቱም ባለ 7 ጫማ ናቸው፤ መጫወቻው ከላስቲክ እስከ ላስቲክ 198 በ99 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለቱ ላይ ጨርቁ አዲስ ነው፤ ላስቲኩም ኳስ ይመልሳል። አምፖሉ ከጠረጴዛው መሀል ላይ ስለተሰቀለ የመቺው ጥላ ኳስ ላይ አያርፍም። ክፍያ በጌም ነው፣ የተሸነፈ ይከፍላል። ስለ ማኪያቶው ሌላ ሰው ይጻፍ። እዚህ ቤት ጌም የሚያስበላውም የሚያጣላውም አንድ ጥያቄ ነው፦ ፋውል ሲሠራ ነጯ (በስቲክ የምትመታዋ ኳስ) የት ትቀመጥ?

ግድግዳው ላይ በማርከር የተጻፈው «ፋውል ከሆነ ነጯ ከመስመር ኋላ» ይላል፣ በቃ። መጻፉ ራሱ ያስመሰግናል፤ ህጉ በወረቀት ሳይሆን ጮክ ብሎ በሚናገር ሰው አፍ ላይ ያለበት ቤት ሞልቷል። ችግሩ መስመሩ የተሰመረው መሀለኛው ጠረጴዛ ላይ ብቻ መሆኑ ነው። በሌሎቹ ሁለቱ ሁሉም በዓይኑ ይገምታል፣ ግምቱም መቼም ወደ ኋላ አይሳሳትም፤ ሁሌ ወደ ፊት ነው።

መስመሩ ግን ግምት አያስፈልገውም። ጌም ከሚከፈትበት አጭር ጎን ጀምሮ በረጅሙ ጠርዝ ላይ ያሉትን ምልክቶች ቁጠሩ፤ ሁለተኛውን ከማዶው ሁለተኛ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው። የጠረጴዛው ሩብ ማለት ነው፤ በዚህ ቤት ከላስቲኩ 49.5 ሴንቲ ሜትር። ስቲክ በሁለቱ ምልክቶች ላይ አጋድሞ ማየት ይበቃል። የሚታየው የኳሷ ሆድ ሳይሆን ጨርቁን የረገጠችበት ነጥብ ነው። ነጥቡ ከመስመሩ ኋላ ከሆነ ሆዷ ወደ ፊት ቢያልፍም ልክ ነው፤ ልክ መስመሩ ላይ ከሆነ ግን ገና ውጭ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታ። «ከመስመር ኋላ» የሚለው ህግ ለሁሉም ፋውል ሲሠራበት ጥፋተኛውን ይጠቅማል። ተጋጣሚያችሁ ሁለት ኳስ ቀርተውታል፣ ሁለቱም ከመስመሩ ኋላ ላስቲክ ሥር ተኝተዋል እንበል። እናንተ ነጯን ሆን ብላችሁ ቀዳዳ ውስጥ ትጨምራላችሁ። እሱ ነጯን ከመስመር ኋላ ያስቀምጣል፤ አጠገቡ ያሉትን የራሱን ኳሶች ግን በቀጥታ መምታት አይችልም፣ ነጯ መጀመሪያ መስመሩን አልፋ መውጣት አለባት። ያለው ምርጫ ማዶ ያለውን አጭር ላስቲክ መትቶ መመለስ ነው። ያ ደግሞ ከ3 ሜትር የማያንስ ጉዞ ነው፣ የራስን ኳስ ሳይነካ የመቅረት ዕድሉም ሰፊ ነው። ከሳተ ፋውሉ የእሱ ይሆናል፣ ነጯም ወደ እናንተ ትመለሳለች። ያጠፋ ተሸልሞ ወጣ ማለት ነው።

የዓለም ፑል ማኅበር ህግ ይህን በር ይዘጋል። በጨዋታ መሀል ፋውል ከተሠራ ነጯ ለተጋጣሚው በእጁ ትሰጠዋለች፤ ጠረጴዛው ላይ የፈለገበት ያስቀምጣታል። መስመሩ በዋናነት የመክፈቻ ጉዳይ ነው። ደግነቱ የዚህ ቤት ሰዎች ግትር አይደሉም፤ ጌሙ ሳይከፈት ሁለቱ ተጫዋቾች «ነጯ የትም» ብለው ከተስማሙ የግድግዳውን ጽሑፍ አያነሱም። ከተከፈተ በኋላ መስማማት ግን ዘበት ነው።

በእጅ የማስቀመጡም ነገር ያነታርካል። «አንዴ ነካሃት፣ አለቀ» የሚባለው ህግ አይደለም፤ እስክትመታ ድረስ ነጯን ደጋግሞ ማንቀሳቀስ ይቻላል። በስቲክ መግፋትም ይፈቀዳል፣ በጫፉም ቢሆን፣ የመምቻ እንቅስቃሴ እስካልሆነ ድረስ። በስቲኩ ጎን ማንሸራተት ከክርክር ያድናል። ፋውል የሚሆነው ነጯ ወይም የያዛት እጅ ሌላ ኳስ ሲነካ ነው። ኳሶች በተጠጋጉበት መሀል እጅን ከላይ አውርዶ ማስቀመጥ እንጂ ከጎን አስጠግቶ መጎተት አያዋጣም።

ቦታውንስ? ብዙ ሰው ነጯን ከምትገባው ኳስ አጠገብ ይለጥፋታል፤ ስቲኩ ነጯን ሁለቴ ይነካና ሌላ ፋውል ይወለዳል። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር መራቅ ይሻላል። ፍጹም ቀጥታ ማድረግም የሚጠቅመው ነጯ እዚያው እንድትቆም ከተፈለገ ነው። ቀጣዩ ኳስ በጎን ካለ ትንሽ ማዕዘን ትታችሁ አስቀምጡ፣ ነጯ ራሷ ወደዚያ ትሄዳለች። ላስቲክ ላይ ማስጠጋት በምንም ሒሳብ አይሆንም፤ ከላይ ብቻ እንድትመቱ ያስገድዳል።

በመስኮቱ በኩል ያለው ጠረጴዛ ይቅርባችሁ። ጌም ሁሌ ከአንድ ቦታ ስለሚከፈት የመስመሩ መሀል ጨርቅ ተበልቶ ጎድጓዳ ሆኗል። ነጯ እዚያ ትሰምጥና ስትመታ ትዘላለች፣ አንዳንዴም ከጠረጴዛ ትወርዳለች። ግድ ከሆነ አንድ ጭብጥ ያህል ወደ ጎን አድርጉ። የዚያ ጠረጴዛ ነጭ ኳስ ራሷ ከሌላ የኳስ ስብስብ የመጣች ትመስላለች። መደበኛው ኳስ 57.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሳንቲም ለሚከፈት ጠረጴዛ የሚሠራ 60.3 ሚሊ ሜትር ነጭም አለ። ለመለየት ነጯን በሁለት ባለ ቀለም ኳሶች መሀል አድርጋችሁ ስቲክ በላያቸው አጋድሙ፤ ከተወዛወዘ ነጯ ትበልጣለች። ትልቅና ከባድ ነጭ ወደ ፊት በቀላሉ ትከተላለች፣ ወደ ኋላ መሳብ ግን ታስቸግራለች።

ክረምት ላይ ጨርቁ እርጥበት ይዞ ይዘገያል፣ ከመጀመራችሁ በፊት ይቦረሽ በሉ፤ እምቢ አይሉም። በጥምቀት ሰሞን ወረፋው ደረጃው ላይ ይደርሳል። በሌላው ጊዜ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ መሀለኛው ጠረጴዛ ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው።